በሩ ክፍት ነው፤ ሒሳቡስ? «ውጭ አገር መታመም አያስፈራም» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን «ውጭ አገር መታመም አያስፈራም» የሚል ጽሑፍ ሦስት ሰዎች ላኩልኝ። አንደኛዋ «ሥራሽ ነውና እስቲ አንብቢው» ብላ ነው የላከችው። አነበብኩት። ከዚያ እስክሪብቶ ይዤ ደግሜ አነበብኩት።

ሥራዬ የሆስፒታል አስተርጓሚነት ነው። በሰው አገር የታመሙ ሰዎችና ሐኪሞቻቸው መሀል ተቀምጬ እውላለሁ። ሐኪም አይደለሁም፣ የሕግ ባለሙያም አይደለሁም። ግን ታማሚው ከሐኪሙ ክፍል ወጥቶ ሒሳብ ክፍል ሲገባም አብሬው እገባለሁ። ጸሐፊው የዘለሉት ይህንን ሁለተኛውን ክፍል ነው።

ላላነበባችሁት፣ ምክራቸው ባጭሩ ይህን ይመስላል። አንደኛ፣ ድንገተኛ ክፍል ማንንም አይመልስም፤ ስለዚህ ሲያማችሁ በቀጥታ ወደዚያ ሂዱ። ሁለተኛ፣ ለቪዛ ብላችሁ የገዛችሁት ኢንሹራንስ ይበቃል። ሦስተኛ፣ መድኃኒታችሁን የብዙ ወር ይዛችሁ ሂዱ፤ ቦታ እንዳይፈጅ ከካርቶኑ አውጡት። አራተኛ፣ ቋንቋ ካስቸገረ ልጃችሁ ወይም ስልካችሁ ያስተረጉማል። አምስተኛ፣ መኖሪያ ወረቀት የሌለው ሰው ሆስፒታል ባይጠጋ ይሻለዋል። ስድስተኛ፣ ነገሩ ከከፋ ኤምባሲ አለ።

ጸሐፊው በቅን ልብ እንደጻፉት ይታያል። ሰውን ማረጋጋት ፈልገዋል። ችግሩ፣ መረጋጋት በማያስፈልግበት ቦታ ያረጋጋሉ፣ ማስፈራራት በማያስፈልግበት ቦታ ደግሞ ያስፈራራሉ። በተራ ልሂድባቸው። ሁሉም ላይ ግን እኩል አልቆምም።

«ድንገተኛ ክፍል ማንንም አይመልስም»

ግማሹ እውነት ነው። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣ የፌደራል ሕግ አለ። ሜዲኬር ከተባለው የመንግሥት መድን ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል፣ ድንገተኛ ክፍል ካለው፣ በሩ ላይ የደረሰውን ሰው መመርመርና ከአደጋ እስኪወጣ ማከም አለበት። ኢንሹራንስ የለህም ወይም የውጭ ዜጋ ነህ ብሎ መመለስ አይችልም። ሕጉ ግን «በነፃ» አይልም። «ከአደጋ እስኪወጣ» ነው የሚለው። ከዚያ በኋላ ያለው ክትትል ሕጉ ውስጥ የለም። ሒሳቡ ግን አለ። ታማሚው ድኖ፣ ነገሩን ረስቶት፣ ከሳምንታት በኋላ በፖስታ ይመጣል።

እንግሊዝ ደግሞ ሌላ ዓይነት ነው። እዚያ ድንገተኛ ክፍል ውስጥ የሚሰጠው ሕክምና ለማንም ሰው ነፃ ነው፣ ለጎብኚም ጭምር። ሐኪሙ «ተኝተው መታከም አለብዎት» ብሎ አልጋ ካስያዘ በኋላ ግን ነገሩ ይለወጣል። የነፃ ሕክምና መብት የሌለው እንግዳ፣ ለዚያ ሕክምና በአገሪቱ ከተተመነው ዋጋ 150 በመቶ ይጠየቃል። ሕንፃው ያው ነው፣ ነርሷም ያቺው ናት። የተለወጠው አልጋው ብቻ ነው።

ልጃቸውን ሊጠይቁ የመጡ አንድ አባት ትዝ ይሉኛል። (ማንነታቸው እንዳይታወቅ ዝርዝሩን ቀያይሬዋለሁ፤ የሌሎቹንም እንዲሁ። አገሩንም አልናገርም።) ሌሊት ደረታቸውን ወግቷቸው ነው የመጡት። ደም ሲቀዱላቸው ወደ እኔ ዞር ብለው «ልጄ፣ እዚህ ድረስ ያለው ስንት ነው?» አሉኝ። ራጅ ሊያነሷቸው ሲወስዷቸው «ይኼስ?» አሉ። ደረታቸው ላይ ገመዱን ሲለጣጥፉ እንደገና «ይኼስ?» አሉ። ነርሷ «ምን እያሉ ነው? ይበልጥ አመማቸው?» ብላ ጠየቀችኝ። ተረጎምኩላት። ዝም አለች። አታውቅም። የሚያውቅ ሰው በዚያ ሌሊት በዚያ ፎቅ ላይ አልነበረም። ሒሳብ ክፍል የሚከፈተው ጠዋት ነው።

የእኚህን አባት ነገር ኋላ እመለስበታለሁ። አሁን ማለት የምፈልገው ይህን ነው። «ሐኪም ያየኛል?» እና «ማን ይከፍላል?» ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። ጽሑፉ የመጀመሪያውን መልሶ ሁለተኛውንም የመለሰ መስሎታል። ሁለተኛው ጥያቄ የሚመለሰው ደግሞ ሆስፒታል ውስጥ አይደለም። ሰውየው ገና ጤነኛ እያለ፣ ማዘጋጃ ቤት ወይም ክሊኒክ መስኮት ላይ፣ ቅጽ ሲሞላ ነው የሚመለሰው።

ጃፓንን እንይ። ከ3 ወር በላይ የመኖሪያ ፈቃድ ያገኘ የውጭ ዜጋ፣ በሥራው በኩል መድን ከሌለው፣ በሚኖርበት አካባቢ ማዘጋጃ ቤት ሄዶ በብሔራዊ የጤና መድን መመዝገብ ግዴታው ነው። ከተመዘገበ በአብዛኛው የወጪውን 30 በመቶ ብቻ ይከፍላል። «ወጣት ነኝ፣ ምን ያመኛል» ብሎ የቆየ ሰው ታሞ ሊመዘገብ ሲሄድ ያልከፈለው መዋጮ ወደኋላ ተቆጥሮ ይጠየቃል። ከመመዝገቡ በፊት የታከመውን ግን መድኑ ብዙ ጊዜ አይመልስለትም። ከሁለቱም ወገን ይጎዳል ማለት ነው።

ካናዳ ውስጥ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ የሚገባ ነዋሪ ደግሞ የክፍለ ሀገሩ መድን የሚጀምርለት የደረሰበት ወር አልቆ ሌላ ሁለት ወር ከተቆጠረ በኋላ ነው። ያንን ክፍተት በግል ኢንሹራንስ መሸፈን የራሱ ፋንታ ነው። ይህን የሚያውቁት ብዙዎቹ ክፍተቱ ውስጥ ከታመሙ በኋላ ነው።

የተገላቢጦሽም አለ። ወደ እንግሊዝ ከ6 ወር ለሚበልጥ ጊዜ በቪዛ የሚሄዱ ሰዎች አብዛኞቹ የጤና ክፍያ አስቀድመው ይከፍላሉ። ከየካቲት 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓመት 1,035 ፓውንድ ነው፤ ለተማሪ 776። ይህን የከፈለ ሰው ሆስፒታል የሚታየው እንደ ነዋሪ ነው። ግን ክፍያው ከቪዛው ወጪ ጋር ተደምሮ ስለሚሄድ ምን እንደከፈለ የማያውቅ ሞልቷል። «እኔ እንግዳ ነኝ፣ አልችለውም» ብሎ የጥርስ ንክሻ ያህል ሕመም ለወራት ያስታምማል። የቤተሰብ ሐኪም ጋ ለመመዝገብማ ይህም አያስፈልግም። በእንግሊዝ ማንም ሰው መመዝገብ ይችላል፤ መታወቂያም ሆነ የአድራሻ ማስረጃ ግዴታ አይደለም። ሪሴፕሽን ላይ ያለው ሠራተኛ «ፓስፖርት አምጣ» ሊል ይችላል። መመሪያው ግን እንደዚያ አይልም፤ በትሕትና ይህንኑ መንገር ነው።

ስለ ፖስታው ትንሽ ልጨምር፤ ጽሑፉ ውስጥ አንድ መስመር እንኳ የለምና። አንዲት እናት ቀጠሮ ሲመጡ በፌስታል ሙሉ ፖስታ ይዘው መጡ። አንዱም አልተከፈተም።

«እትዬ፣ ለምን አልከፈቱትም?» አልኳቸው።

«ብከፍተው ምን ላደርገው ነው፣ የኔ ልጅ?»

አብረን ከፈትነው። አንዱ ሒሳብ ሁለት ጊዜ የተላከ ነበር። አንዱ ጭራሽ ሒሳብ አልነበረም፤ ለኢንሹራንስ ድርጅቱ የተላከው ዝርዝር ግልባጭ ነው። ሦስተኛው የእርዳታ ማመልከቻ ቅጽ ነበር፤ ሞልተው ቢመልሱት ኖሮ አብዛኛው ዕዳ ሊነሳላቸው ይችል የነበረ። አሜሪካ ውስጥ ለትርፍ ያልተቋቋሙ ሆስፒታሎች አቅም ለሌለው ሰው የሚሆን የቅናሽ ወይም የነፃ ሕክምና መመሪያ በጽሑፍ እንዲኖራቸው ሕግ ያስገድዳቸዋል። ማመልከቻውን ደግሞ የመጀመሪያው ሒሳብ ከተላከ በኋላ ቢያንስ እስከ 240 ቀን ድረስ መቀበል አለባቸው። በሌላም አገር ቢሆን ዝርዝር ሒሳብ ስጡኝ ማለት ይቻላል። ምን እንደተደረገላችሁ፣ ለየትኛው ስንት እንደተጠየቀ በየመስመሩ የሚያሳይ። በየወሩ ልክፈል ማለትም ይቻላል። ሒሳብ ክፍል ያሉት ሰዎች ይህን ጥያቄ በቀን አሥር ጊዜ ይሰማሉ። እናንተ ናችሁ የምታፍሩት እንጂ እነሱ አይገርማቸውም።

«ለቪዛ የገዛችሁት ኢንሹራንስ ይበቃል»

ለምን እንደተገዛ ማሰብ ነው። የሸንገን ቪዛ (የብዙ የአውሮፓ አገሮች የጋራ ቪዛ) ሕግ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው፣ ተጓዡ ቢያንስ የ30,000 ዩሮ ሽፋን እንዲኖረው ይጠይቃል። ሽፋኑ የሚፈለገው ለአስቸኳይ ሕክምና፣ ለድንገተኛ የሆስፒታል ሕክምና፣ በሕመም ምክንያት ወደ አገር ለመመለስና ለሞት ነው። የቆየ ደም ግፊታችሁን ለመከታተል አይደለም። የስኳር መድኃኒት ለመግዛት አይደለም። ለመነጽር አይደለም።

ብዙዎቹ የኢንሹራንስ ውሎች (ፖሊሲዎች) «ቀደም ሲል የነበረ ሕመም» የሚል አንቀጽ አላቸው። እዚያች አንቀጽ ላይ ነው ሰው የሚወድቀው። የልብ ሕመም ያለበት ሰው ልቡን ሲያመው «ይህማ ከመምጣትህ በፊት የነበረ ነው» ይባላል። ሞተር ሳይክል ያለ መንጃ ፈቃድ ሲነዳ የወደቀ፣ ጠጥቶ የወደቀ፣ እሱም ብዙ ጊዜ አይከፈልለትም። ይህን ለማወቅ ሙሉውን ፖሊሲ ማንበብ አይጠበቅባችሁም። «የማይሸፈኑ» የሚለውን ክፍል ብቻ አንብቡ። የሚሸፈነውንማ ሻጩ ራሱ ይነግራችኋል።

ወደ እኚያ አባት ልመለስ። ልጃቸው ኢንሹራንስ ገዝታላቸው ነበር፤ ያውም ደህና የሚባል። ካርዱ ላይ ሃያ አራት ሰዓት የሚሠራ ስልክ ቁጥር አለ። ከሥሩ በደቃቅ ፊደል «ሆስፒታል ከመተኛትዎ በፊት ይደውሉ» ይላል። ካርዱ ግን ቤት፣ ሻንጣ ውስጥ፣ የፓስፖርቱ ቀሚስ ውስጥ ነበር። ልጅቱ በነጋታው ከሰዓት ነው ያገኘችው። ደወለች። ስልኩን ያነሳው ሰው መጀመሪያ የጠየቃት «ለምን ትናንት አልደወላችሁም?» ብሎ ነው። በመጨረሻ ከፈሉ፤ ግን አራት ወር የፈጀ የደብዳቤ ምልልስ ነበር። ድርጅቱ አስቀድሞ ቢያውቅ ለሆስፒታሉ የዋስትና ደብዳቤ ልኮ በቀጥታ ይከፍል ነበር። ሳያውቅ ሲቀር ታማሚው ራሱ ከፍሎ፣ ደረሰኝ ሰብስቦ፣ የሐኪሙን ሪፖርት አያይዞ፣ መልሱልኝ ብሎ መጠየቅ አለበት። አንዳንድ የግል ሆስፒታል ደግሞ ደብዳቤው እስኪመጣ ዲፖዚት ካልተያዘለት አልጋ አይሰጥም።

ካርዱን በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። ለልጃችሁ፣ ለባለቤታችሁ፣ አብሯችሁ ለሚኖር ሰው ላኩት። ይኸው ነው።

ጸሐፊው ያላነሱት አንድ መልካም ነገርም አለ። አንዳንድ መንግሥታት ተዋውለዋል። አውስትራሊያ ከ11 አገሮች ጋር ስምምነት አላት፤ ከእነዚያ አገሮች የመጣ ጎብኚ አስፈላጊ ሕክምና በአውስትራሊያ የመንግሥት መድን ያገኛል። በአውሮፓ ኅብረት አገር የመንግሥት መድን ያለው ሰው ደግሞ የአውሮፓ የጤና መድን ካርድ ይዞ ወደ ሌላው አገር ሲሄድ፣ እዚያ እያለ የሚያስፈልገውን ሕክምና እንደ አገሬው ሰው ያገኛል። ይህ ካርድ የቆየ ሕመምንም ይጨምራል። ታማሚን በአውሮፕላን ወደ ቤቱ መመለስን ግን አይጨምርም፤ የግል ሆስፒታልንም አይጨምርም። ወደ ሌላ አገር ለመታከም ብሎ ለሚሄድም አይሆንም።

«መድኃኒቱን ከካርቶኑ አውጡት»

ይህንን ሳነብ ነው እስክሪብቶውን ያነሳሁት።

ጃፓን ውስጥ አንዳንድ በሌላ አገር በሐኪም የሚታዘዙ ትኩረት ለማሰባሰብ የሚረዱ መድኃኒቶች፣ አምፌታሚን ያለባቸው፣ ጭራሽ አይገቡም፤ ማዘዣ ይኑራችሁ አይኑራችሁ። ለጉንፋን የሚወሰዱ፣ ሱዶኤፌድሪን ከ10 በመቶ በላይ ያለባቸውም እንዲሁ። ሌላውን አብዛኛውን በሐኪም የታዘዘ መድኃኒት ያለ ልዩ ፈቃድ ማስገባት የሚቻለው የአንድ ወር ያህል ብቻ ነው። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ደግሞ ትራማዶልና ኮዴይን የተባሉትን የሕመም ማስታገሻዎች በጥብቅ ትቆጣጠራለች፤ ይዞ ለመግባት አስቀድሞ ፈቃድ ያስፈልጋል። እንግዲህ ስም በሌለው ፕላስቲክ ውስጥ የተቀላቀለ ነጭ እንክብል ይዛችሁ ጉምሩክ ፊት ቁሙ። «የጀርባ ሕመም አለብኝ» ብላችሁ አስረዱ።

ጉምሩኩን ብታልፉ እንኳ ሐኪሙ ይቀራል። አንድ ሰው «ነጯ፣ ትንሿ፣ ጠዋት የምወስዳት» ብሎ ቢነግረኝ እኔም ያንኑ ነው የምተረጉመው። ሐኪሙም እኔም እንተያያለን። ካርቶኑ ላይ ሁለት ስም አለ። ትልቁ የፋብሪካው መጠሪያ ነው፤ በየአገሩ ይለዋወጣል። ትንሹ የመድኃኒቱ የራሱ ስም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ እነዚህን ስሞች አንድ እያደረገ መጥቷል። የሚጻፈው፣ በኪስ የሚያዘው ይኼኛው ነው።

እሱም ቢሆን ያልተስማሙበት አለ። ፓራሲታሞልና አሴታሚኖፌን አንድ ነገር ነው። አሜሪካ በሁለተኛው ስም ይሸጣል፣ አብዛኛው ዓለም በመጀመሪያው። ከቤቱ ያመጣውን ፓራሲታሞል እየወሰደ፣ በላዩ ላይ እዚያ የገዛውን አሴታሚኖፌን የሚጨምር ሰው ሁለት የተለያየ ማስታገሻ የወሰደ ይመስለዋል። ጉበቱ ግን አንዱን መድኃኒት በእጥፍ ነው የሚቀበለው። ለአስም የሚነፋው ሳልቡታሞልም አሜሪካ ውስጥ አልቡቴሮል ነው።

የስኳር ሕመምተኞች ደግሞ ሌላ ጣጣ አለባቸው። አንዲት ሴትዮ «ስኳሬ ጠዋት ሰባት ነበር» አሉኝ። እንዳሉት ተረጎምኩት። ሐኪሙ ወንበሩን ጎትቶ ጠጋ አለ። በእሱ አገር የስኳር መጠን የሚለካው በሚሊግራም በዴሲሊትር ነው፤ 7 የሆነ ሰው ቁጭ ብሎ ሊያወራ አይችልም። የእሳቸው መለኪያ በሚሊሞል በሊትር ነው። 7ቱን በ18 ሲያባዙት 126 ይመጣል። ሁለቱም ልክ ነበሩ። መለኪያ መሣሪያውን ከቦርሳቸው አውጥተው ሲያሳዩት ነው ሳቅ የሆነው።

ሁሌ ግን ሳቅ አይሆንም። በብዙ አገር ኢንሱሊን በአንድ ሚሊሊትር 100 ዩኒት ነው። በአንዳንድ አገር 40 ዩኒት የሆነ አሁንም አለ፤ መርፌውም ለእሱ ተብሎ የተሰመረ ነው። ለ40 በተሰመረ መርፌ የ100ውን ኢንሱሊን የቀዳ ሰው፣ ቁጥሩ ያው ሆኖ ሳለ፣ ከታዘዘለት ሁለት እጥፍ ተኩል ወሰደ ማለት ነው። መርፌ ሲያልቅባችሁ «ማንኛውም ይሆናል» አትበሉ። ብልቃጡን ይዛችሁ ሄዳችሁ ፋርማሲው ያዛምደው።

«ልጃችሁ ወይም ስልካችሁ ያስተረጉማል»

እዚህ ላይ ወገንተኛ ነኝ፤ እንጀራዬ ነው። ቢሆንም ያየሁትን ልናገር።

አንድ ቀን ዘግይተው ነው የጠሩኝ። ስደርስ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ በእናቱና በሐኪሟ መሀል ቆሟል። ሐኪሟ እብጠቱ ካንሰር ሊሆን እንደሚችልና ናሙና መወሰድ እንዳለበት ተናግራ ጨርሳለች። ልጁ ለእናቱ «ትንሽ እብጠት ናት፣ እማ። እንዳታስቢ ብላለች» አላት። የጫማውን አፍ እያየ ነው የሚያወራው። እናትየው ተነፈሰች፣ ቦርሳዋን አንስታ ልትወጣ ተነሳች። ልጁ ሊዋሽ ፈልጎ አይደለም። እንዴት ይበለው? በሁለቱም ቋንቋ ቃሉን ያውቀዋል። ለእናቱ መንገር ነው ያቃተው።

ስህተቱ አንዲት ቃል ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1980 ፍሎሪዳ ውስጥ አንድ የ18 ዓመት ወጣት ራሱን ስቶ ሆስፒታል ገባ። ቤተሰቡ በስፓኒሽ «ኢንቶክሲካዶ» አሉ። የበላው ነገር እንደመረዘው መናገራቸው ነበር። ሐኪሞቹ የእንግሊዝኛው ተመሳሳይ ቃል መሰላቸውና ዕፅ አብዝቶ እንደወሰደ ሰው አከሙት። ልጁ ጭንቅላቱ ውስጥ ደም እየፈሰሰ ነበር። እጅና እግሩ ሽባ ሆኖ ቀረ። ካሣው ወደ 71 ሚሊዮን ዶላር ደረሰ። ክፍሉ ውስጥ ሁሉም ሰው ተግባብተናል ብሎ ያምን ነበር። አስተርጓሚ ይምጣ ያለ አልነበረም።

ስልክን አልንቅም። ፋርማሲ የት እንደሆነ ለመጠየቅ፣ «ለፔኒሲሊን አለርጂ አለብኝ» የሚለውን ጽፎ ለማሳየት ጥሩ ነው። ለቀዶ ሕክምና ፈቃድ ለመፈረም ግን አይሆንም።

ጸሐፊው የማያውቁት የሚመስለኝ አስተርጓሚ በብዙ አገር መብት መሆኑን ነው፤ ታማሚውም አይከፍልበትም። አሜሪካ ውስጥ የፌደራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል «አስተርጓሚህን ይዘህ ና» ማለት አይችልም። ከድንገተኛ አደጋ በስተቀር ሕፃን ልጅን ማስተርጎምም አይፈቀድለትም። አውስትራሊያ ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በስልክ የሚሠራ የመንግሥት የትርጉም አገልግሎት አላት። ዘዴው ቀላል ነው። «አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» የሚባለው ቀጠሮ ሲያዝ ነው። ሐኪሙ ፊት ከተቀመጡ በኋላ ከሆነ ወይ ቀጠሮው ይተላለፋል ወይ ልጁ ይጠራል። ቋንቋውን ብቻ ሳይሆን የምትግባቡበትን ዘዬም ንገሯቸው። ሴት ወይም ወንድ አስተርጓሚ የምትመርጡ ከሆነም ያኔውኑ። ስንት ሴት እኔን ስታይ ነው የመጣችበትን እውነተኛ ምክንያት የምትናገረው።

አንድ ልመና ደግሞ ለታማሚው። ያልገባችሁን «እሺ፣ እሺ» አትበሉ። ሐኪሙ «እሺ»ን ገብቷቸዋል ብሎ ነው የሚጽፈው።

«ወረቀት የሌለው ሰው ሆስፒታል ባይጠጋ ይሻለዋል»

ከስድስቱ ይህ ምክር ቢጠፋ ደስ ይለኛል። ፍርሃቱ ከመሬት የበቀለ አይደለም፤ እሱን አልክድም። እንግሊዝ ውስጥ 500 ፓውንድና ከዚያ በላይ የሆስፒታል ዕዳ ለሁለት ወር ካልተከፈለ ወይም የክፍያ ስምምነት ካልተደረገበት ለአገር ውስጥ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ይነገራል። በኋላ ቪዛ ሲጠየቅ ሊያስከለክል ይችላል። ጀርመን ውስጥ የማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ለሕክምና ወረቀት የጠየቀውን ሰው፣ ፈቃድ እንደሌለው ካወቀ፣ ለውጭ ዜጎች ቢሮ የማሳወቅ ግዴታ አለበት።

ግን ማን ነው የሚያሳውቀው? የጀርመኑን ሐኪም የሙያ ምስጢር ይይዘዋል። ለድንገተኛ ሕክምና ሲሆን ምስጢሩ ሒሳቡን ለሚያጣራው ቢሮ ጭምር እንዲሸጋገር ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መመሪያ አለ። ማልቴዘር የተባለው የካቶሊክ የእርዳታ ድርጅትም ኢንሹራንስ ለሌላቸው ሰዎች በተለያዩ ከተሞች ክሊኒክ አለው። እንግሊዝ ውስጥ አስቸኳይ ሕክምና ገንዘብ አልተከፈለም ተብሎ አይከለከልም። ወሊድ ሁልጊዜ እንደ አስቸኳይ ነው የሚታየው፤ ሒሳቡ ሊመጣ ይችላል፣ ሕክምናው ግን አይዘገይም። ቲቢና ኤችአይቪን የመሰሉ ተላላፊ በሽታዎች ሕክምና ለማንም ነፃ ነው። ፈረንሳይ ከ3 ወር በላይ ያለ ፈቃድ ለኖረና ገቢው አነስተኛ ለሆነ ሰው የመንግሥት የሕክምና እርዳታ ትሰጣለች። ስፔን በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ድንጋጌ ወረቀት ለሌላቸው የሕዝብ ጤና አገልግሎትን መልሳ ከፍታለች።

«አትጠጉ» የሚለው ምክር ይህን ሁሉ በአንድ መስመር ይደመስሳል። የሚሰማው ደግሞ ማን ነው? ሦስት ወር ሲያስል የቆየው ሰው ነው። ነፍሰ ጡሯ ናት፣ ክትትል ሳታደርግ ዘጠነኛ ወሯ የገባው። እነዚህ ሰዎች መጨረሻ ላይ መምጣታቸው አይቀርም፤ በአምቡላንስ ይመጣሉ። ያኔ ሒሳቡም ትልቅ ነው፣ ሕመሙም። ጥያቄ ካለ አስቀድሞ መጠየቅ ይቻላል፤ «የዓለም ሐኪሞች» የተባለው ድርጅት በተለያዩ ከተሞች ክሊኒክ አለው፤ ወረቀት አይጠይቅም።

«ነገሩ ከከፋ ኤምባሲ አለ»

አለ። ቆንስላው ሊጠይቃችሁ ይመጣ ይሆናል፣ ለቤተሰብ ያሳውቃል፣ የሐኪሞች ዝርዝር ይሰጣል። ሒሳብ ግን አብዛኛውን ጊዜ አይከፍልም። እዚህ ላይ ሌላ የምለው የለኝም።

ጸሐፊው ክፍል ሁለት እንደሚከተል ቃል ገብተዋል። እንግዲያው ሁለት ነገር እንዲያነሱልን እጠይቃለሁ። አንደኛው ጥርስ ነው። በብዙ አገር ከጤና መድኑ ውጪ ወይም በግማሹ ብቻ የተሸፈነ ነው፣ ሰው ግን ሊጠይቅ የሚያስበው ፊቱ ካበጠ በኋላ ነው። ሁለተኛው አዲስ የተወለደ ሕፃን ነው። ብዙ ወላጆች ሕፃኑ በራሱ ወደ እናቱ ኢንሹራንስ የሚገባ ይመስላቸዋል። አሜሪካ ውስጥ አሠሪ በሚሰጠው መድን፣ ለምሳሌ፣ ልጁን ለማስመዝገብ ያለው ጊዜ ከተወለደበት ቀን ጀምሮ ቢያንስ 30 ቀን ነው፤ ብዙ ጊዜም ከዚያ አይበልጥም። በእነዚያ 30 ቀናት ውስጥ ደግሞ ማንም እንቅልፍ አይተኛም፣ ቅጽ መሙላትም ትዝ አይለውም።